«ሚንታይም» ስንል ምን ማለታችን ነው? «እስከዚያው»፣ «ይህ በእንዲህ እንዳለ» እና «ጊዜያዊ» ከማንኪራ ቡና ጋር ሲብራሩ

ለስኮላርሺፕ ያመለከታችሁ ወይም ኦንላይን ሥራ ፈልጋችሁ መልስ የምትጠብቁ ሁሉ ይህችን ሐረግ ታውቋታላችሁ፦ «ኢን ዘ ሚንታይም»። «ማመልከቻዎ ደርሶናል። በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ እንሰጣለን። ኢን ዘ ሚንታይም ሌላ ማመልከቻ አይላኩ» ይላል ኢሜይሉ።

አብዛኛው ሰው «መልስ እንሰጣለን» የሚለውን አንብቦ ደስ ይለውና ቀሪውን ያልፈዋል። ዋናው ትእዛዝ ግን እዚያች ያለፋት ሐረግ ውስጥ ነው ያለው። እየተባለ ያለው «መጠበቂያ ጊዜ ላይ ነህ፣ ይህ ጊዜ መጨረሻ አለው፣ እስከዚያ ድረስ ደግሞ ማድረግ የሌለብህ ነገር አለ» ነው። ትርጉሟ ካልገባን ሁለተኛ ማመልከቻ ልከን የመጀመሪያውን ልናበላሽ እንችላለን።

ስለዚህ ዛሬ ይህችን ቃልና ዘመዶቿን አንድ በአንድ እናያለን። ምሳሌዎቻችንን የምናመጣው በዋናነት ከካፋ ነው። ለምን ካፋ? ቡና የመጠበቅን ትርጉም በደንብ ያስተምራል፤ ካፋ ደግሞ የቡና አገር ነው።

■ ቃሉ ከየት መጣ?

«ሚንታይም» ከሁለት ቃላት የተሠራ ነው፦ «ሚን» እና «ታይም»። «ታይም» ጊዜ ነው፣ ይሄ ለማንም ግልጽ ነው። የሚያደናግረው «ሚን» ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ «ሚን» ማለት «ማለት» ነው፣ «ክፉ፣ ጨካኝ» ማለትም ነው። እዚህ ቃል ውስጥ ያለው ግን ሁለቱም አይደለም። ይሄኛው ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ፣ ሥሩ ላቲን የሆነ፣ «መካከለኛ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ነው። ቲሸርት ስትገዙ «ሚዲየም» የምትሉት መካከለኛ ቁጥር የዚሁ ሥር ዘመድ ነው። ስታትስቲክስ የተማራችሁም አማካዩን «ሚን» ስትሉት ኖራችኋል።

እንግዲህ «ሚንታይም» ቃል በቃል «የመሃል ጊዜ» ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቃሉ አንድ ላይ ሲጻፍ ነው «እስከዚያው» የሚሆነው። ለያይታችሁ «ሚን ታይም» ብላችሁ ከጻፋችሁት ሌላ ነገር ይሆናል፦ «አማካይ ሰዓት»። ስልካችሁ ላይ «ጂኤምቲ» የምትሉት «ግሪንዊች ሚን ታይም» ያ ነው። በፀሐይ የሚለካው ቀን ዓመቱን ሙሉ እኩል ስለማይረዝም አማካዩ ተወስዶ የተሠራ የሰዓት መለኪያ ነው። ኢትዮጵያ ከእሱ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ሲቪ ወይም ኢሜይል ስትጽፉ ቃሉን አትለያዩት።

■ «ሚንታይም» እና «ሚንዋይል» አንድ ናቸው?

በትርጉም ወንድምና እህት ናቸው፣ አጠቃቀማቸው ግን ይለያል።

👉 «ሚንዋይል» ብቻዋን ትቆማለች። ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ተቀምጣ ወደ ሌላ ቦታ ወይም ወደ ሌላ ሰው ትወስደናለች። «ሰው ሁሉ ለፈተና እያጠና ነው። ሚንዋይል እኔ ቲክቶክ ላይ ነኝ» የሚለውን ሚም አስታውሱ። እዚህ ጋ ሥራዋ «በዚያው ሰዓት፣ በሌላ በኩል» ማለት ነው። ትንሽ ንጽጽርም አላት፤ አማርኛችን «እኔ ግን» ብሎ የሚገላገለው ዓይነት።

👉 «ሚንታይም» ብዙ ጊዜ ከፊቷ «ኢን ዘ» ትፈልጋለች። የምታተኩረው መጠበቁ ላይ ነው፤ አንድ ነገር ተጀምሯል፣ አላለቀም፣ እስኪያልቅ ምን ይደረግ?

ለማስታወስ እንዲመቻችሁ፦ ሁለት ነገር ጎን ለጎን የሚሄድ ከሆነ «ሚንዋይል»፣ አንድ ነገር እስኪደርስ የምትጠብቁ ከሆነ «ኢን ዘ ሚንታይም»። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አንዳንዴ ያቀያይሯቸዋል፣ ግን በዚህ ልማድ ከሄዳችሁ አትሳሳቱም።

■ በአማርኛስ ምን እንበለው?

አማርኛ ለዚህ ነገር አንድ ቃል ሳይሆን ብዙ ነው ያለው። እያንዳንዱ ቦታ ቦታ አለው።

1. «ይህ በእንዲህ እንዳለ»። ይቺ የዜና አንባቢዎች «ሚንዋይል» ናት። ከአንድ ዜና ወደ ተያያዥ ዜና ሲሻገሩ ይጠቀሙባታል። ለጽሑፍና ለስቱዲዮ ጥሩ ናት፣ ለቤት ግን አትሆንም። «እማዬ፣ ይህ በእንዲህ እንዳለ ሽሮው አረረ» የሚል ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

2. «በዚህ መሃል»። የቤት ውስጧ «ሚንዋይል» ናት። «ታክሲ እየጠበቅን ነበር፣ በዚህ መሃል ዝናቡ መጣ»። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ሆነ፣ በቃ።

3. «እስከዚያው»። የ«ኢን ዘ ሚንታይም» ትክክለኛ ጓደኛዋ ይቺ ናት። እንዲያውም ከእንግሊዝኛው ትበልጣለች ማለት ይቻላል። እንግሊዝኛው የሚያየው መሃሉን ነው፤ አማርኛው ግን መጨረሻውን ይጠቁማል፦ እስከ፣ እዚያ። «እስከዚያው» ስንል በጣታችን የሆነ ቀን እያሳየን ነው።

4. «ለጊዜው»። ይቺ መጨረሻ አትጠቁምም። «ለጊዜው እዚህ ተቀመጥ» ከተባልክ እስከ መቼ እንደሆነ አታውቅም። «ዋናው ወንበር እስኪመጣ፣ እስከዚያው እዚህ ተቀመጥ» ከተባልክ ግን ወንበር እየመጣ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ሰው በ«ለጊዜው» ስንት ዓመት እንደተቀመጠ እናንተው ታውቃላችሁ።

ሁሉንም በአንድ ቦታ ማየት ከፈለጋችሁ የቡና ሥነ ሥርዓታችንን ተመልከቱ። አቦል ተጠጥቷል፣ ቶናው ገና አልፈላም። ያቺ መሃል ያለችው ጊዜ «ሚንታይም» ናት። መጀመሪያ አላት፣ መጨረሻ አላት፣ መሃሏም ባዶ አይደለም፤ ፈንዲሻው ይቆረጠማል፣ ወሬው ይሞቃል። ማንም «ቶና ይመጣል ወይ?» ብሎ አይጨነቅም፣ ጀበናው ከሰሉ ላይ ነዋ።

■ ማንኪራ፦ ቃሉ መሬት ላይ ሲታይ

ማንኪራ በካፋ ዞን ዴቻ ወረዳ፣ ከቦንጋ ከተማ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ የደን ቡና አካባቢ ነው። የአካባቢው ሰው የቡና መጀመሪያ እዚህ ነው ይላል፤ «እናት ቡና» የሚሏት ዛፍም አለች። በካፊኖኖ ቡና «ቡኖ» ይባላል። የካፋ ደን በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል።

አሁን የቡናን ዓመት በ«ሚንታይም» ዓይን እንየው።

ቡና የሚያብበው ከበጋው በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል ነው፣ በአብዛኛው የካቲትና መጋቢት አካባቢ። ነጭ አበባው ጫካውን በሽታ ይሞላውና በጥቂት ቀናት ውስጥ ይረግፋል። ከአበባው እስከ ቀይ ፍሬው ከ7 እስከ 9 ወር ገደማ ይፈጃል። ለቀማው በአብዛኛው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ነው። እሸቱ ተለቅሞ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል እስኪሆን ደግሞ ሌላ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሳምንት ይጨመራል። አዲስ ችግኝ የተከለ ገበሬማ የመጀመሪያ ፍሬውን ለማየት ከ3 እስከ 4 ዓመት መጠበቅ አለበት።

እንግዲህ አስቡት። ከአበባ እስከ ብር ያለው መንገድ ከግማሽ ዓመት በላይ ነው። ቡናው አለ፣ ዛፉ ላይ ይታያል፣ ግን አይበላም፣ አይሸጥም። ቤተሰቡ እስከዚያው በምን ይኖራል?

የካፋ ሰው ለዚህ ጥያቄ የቆየ መልስ አለው። እንሰት አለ። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፣ አንዴ ከደረሰ በኋላ ግን ዓመቱን ሙሉ በተፈለገ ሰዓት ተፍቆ ቆጮ ይሆናል፤ የመሃሉ ጊዜ ምግብ ነው ማለት ነው። ደኑ ውስጥ ደግሞ ዛፍ ላይ ከተሰቀለው ቀፎ ማር ይቆረጣል፣ ኮረሪማና ጥምዝ ይለቀማል። ደኑ በተለያየ ወር የተለያየ ነገር ስለሚሰጥ ቡናው እስኪደርስ ያለው ጊዜ ባዶ አይሆንም። ደኑ ሲመነጠር ቡናው ብቻ አይደለም የሚጠፋው፣ ይህ መሸጋገሪያም አብሮ ይሄዳል።

ግን ይህ ሁሉ ኖሮም የማይሸፈን ወጪ አለ። መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ ደብተር ይገዛል። ክረምት ላይ ሰው ይታመማል። ብሩ ግን ያለው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። በቡና አካባቢዎች በዚህ ክፍተት የሚገባው ነጋዴ ነው፦ ቀድሞ ብር ይሰጣል፣ ቡናው ሲደርስ ቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ ይረከባል። ዋጋው የተቆረጠው ገበሬው ኪስ ባዶ በሆነበት ሰዓት ስለሆነ ማን እንደሚጠቀም ለመገመት ሂሳብ አዋቂ መሆን አያስፈልግም። የዓመቱ ልፋት የሚሸጠው ለቀማው ቀን ሳይሆን በመሃሉ ጊዜ ነው።

«እስኪያልፍ ያለፋል» የሚለው ተረት ይህን ነው የሚናገረው። ማለፉ አይቀርም፣ ጉዳቱ ግን ከማለፉ በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

በማኅበር ለተደራጀ ገበሬ ደግሞ ሌላ መሃል አለ። ቡናውን ለማኅበሩ ያስረክባል፣ የዕለቱን ዋጋ ይቀበላል። ዩኒየኑ ቡናውን ሸጦ፣ ሂሳቡ ኦዲት ተደርጎ ትርፍ ካለ ድርሻው በኋላ ይደርሰዋል። በርክክቡና በክፍፍሉ መካከል ያለው ጊዜ ሲረዝም ገበሬው በሚቀጥለው ዓመት ለማን እንደሚሸጥ እንደገና ያስባል።

■ 54 ቀናት፦ ካፋ በሁለት ክልሎች መሃል

ቃሉ ለፖለቲካም ይሠራል። የቅርብ ጊዜ ምሳሌ ከዚሁ ከካፋ አለን።

መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. የካፋ፣ የሸካ፣ የቤንች ሸኮ፣ የዳውሮና የምዕራብ ኦሞ ዞኖች እንዲሁም የኮንታ ልዩ ወረዳ ሕዝብ አዲስ ክልል ለመመሥረት ድምፅ ሰጠ። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በይፋ የተመሠረተው ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ቦንጋ ላይ ነው። ቁጠሩት፦ በመካከሉ 54 ቀናት አሉ።

በእነዚያ 54 ቀናት ካፋ የማን ነበረች? ሕዝቡ ድምፁን ሰጥቷል፣ አዲሱ ክልል ግን ገና ሥራ አልጀመረም። ስለዚህ እስከዚያው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል አካል ሆና ቆየች። «ኢን ዘ ሚንታይም» ማለት በቃ ይሄ ነው፦ የወደፊቱ ተወስኗል፣ የድሮው ገና ይሠራል።

ይህን ከእንግሊዝኛ ለመተርጎም ብትሞክሩ «ለጊዜው በደቡብ ክልል ሥር ቆየች» ብትሉ ያስኬዳል፣ ግን ደካማ ነው፤ መጨረሻው አይታወቅም ያሰኛል። «አዲሱ ክልል እስኪመሠረት፣ እስከዚያው» ስትሉ ነው ነገሩ የሚጠራው።

■ «ኢንተሪም»፦ ኮት የለበሰው ወንድም

«ኢንተሪም» ቀጥታ ከላቲን የመጣ ነው፤ «ኢንተር» «በመካከል» ማለት ነው። ትርጉሙ ከ«ሚንታይም» ጋር አንድ ሆኖ ሳለ ቦታው ቢሮ፣ ፍርድ ቤትና መንግሥት ነው። በአማርኛ «ጊዜያዊ» እንለዋለን። ከእሱ ጋር የሚምታቱ ሁለት ቃላት ስላሉ እንለያቸው።

👉 «ጊዜያዊ» ወይም «ኢንተሪም»፦ ቋሚው እስኪመጣ የተቋቋመ ወይም የተሾመ። ኳስ የምትከታተሉ በደንብ ታውቁታላችሁ። ኦሌ ጉናር ሶልሻየር በዲሴምበር 2018 እ.ኤ.አ. ማንችስተር ዩናይትድን ሲይዝ ጊዜያዊ አሰልጣኝ ነበር፣ የተባለውም እስከ ውድድር ዓመቱ መጨረሻ ነው። በማርች 2019 ግን ቋሚ ሆነ። እሱ በ2021 ሲሰናበት ደግሞ ራልፍ ራንኚክ በጊዜያዊነት መጣ፣ ውድድር ዓመቱ ሲያልቅ ከአሰልጣኝነቱ ወረደ። ሁለቱም «ኢንተሪም» ነበሩ፣ መጨረሻቸው ግን ለየቅል ነው።

👉 «ተጠባባቂ»፣ እንግሊዝኛው «አክቲንግ» የሚለው፦ የሌላ ሰውን ወንበር ይዞ የሚሠራ። አለቃው ሕመም ላይ ወይም ጉዞ ላይ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ወንበሩ ክፍት ሆኖ ሰው እየተፈለገ ነው። የሥራ ማስታወቂያ ላይ ይህን ካያችሁ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅሙ የወንበሩ ነው ወይስ የቀድሞ ሥራችሁ ብላችሁ ጠይቁ።

👉 «ሽግግር»፦ ከአንድ ሥርዓት ወደ ሌላ ሥርዓት መሻገር። ከ1983 እስከ 1987 ዓ.ም. የነበረው «የሽግግር መንግሥት» የተባለው ለዚህ ነው። አሮጌው ፈርሷል፣ አዲሱ ሕገ መንግሥት ጸድቆ ምርጫ ተደርጎ አዲስ መንግሥት እስኪቆም ያለው ድልድይ ነበር።

የትግራይ «ጊዜያዊ አስተዳደር» ደግሞ «ኢንተሪም» የሚለው ቃል ሕጋዊ ሸክም ሲሸከም የሚታይበት ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የተፈረመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በሕገ መንግሥቱ መሠረት ምርጫ እስኪካሄድ ጊዜያዊ አስተዳደር እንዲቋቋም አለ፤ አስተዳደሩም መጋቢት 2015 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ2017 ዓ.ም. የሥራ ዘመኑ ተራዘመ። «ጊዜያዊ» የሚል ስም ያለው ነገር ሁሉ «እስከ መቼ?» የሚል ጥያቄ አብሮት ይወለዳል።

ፍርድ ቤት ስትሄዱም ታገኙታላችሁ። ሁለት ወንድማማቾች በቤት ይካሰሳሉ እንበል። ክርክሩ ሳያልቅ አንዱ ቤቱን ቢሸጠው ፍርዱ ምን ዋጋ አለው? ለዚህ ነው ፍርድ ቤት ዋናው ክርክር እስኪወሰን ቤቱ እንዳይሸጥ «ጊዜያዊ የእግድ ትእዛዝ» ሊሰጥ የሚችለው። እግዱ ማን እንደረታ አይናገርም። የሚጠብቀው የመሃሉን ጊዜ ነው።

■ መጨረሻው ሲሸሽስ?

እስካሁን ያየናቸው መጨረሻቸው የሚታይ ወይም የሚጠየቅ ነው። መጨረሻው የሚሸሽ «ሚንታይም» አለ፣ እሱም አሁን የቡና ገበሬ ደጃፍ ላይ ቆሟል።

የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. አንድ ሕግ አወጣ። ቡናን ጨምሮ ሰባት ምርቶች ወደ አውሮፓ ገበያ የሚገቡት ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. (ዲሴምበር 31፣ 2020 እ.ኤ.አ.) በኋላ ደን ተመንጥሮበት ካልሆነ መሬት መምጣታቸው ሲረጋገጥ ነው። ለዚህም ቡናው የበቀለበት ማሳ በካርታ ላይ ነጥቡ መታወቅ አለበት።

ሕጉ ሥራ ላይ ሊውል የነበረው ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። በአንድ ዓመት ተገፋ። ቀኑ ሲቃረብ እንደገና በአንድ ዓመት፣ ወደ ታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ዓ.ም. ተገፋ፤ ለአነስተኛ ድርጅቶች ደግሞ ከዚያም ስድስት ወር ተጨመረ።

የካፋ ቡና ብዙው በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅል የደን ቡና ነው። ደን ሳይመነጥር ቡና የሚለቅም ገበሬ በመርህ ደረጃ ሕጉን መፍራት አልነበረበትም። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው፦ ማሳውን በጂፒኤስ ማን ይለካለት? ጫካ ውስጥ የተበታተነ ቡና ድንበሩ የት ነው?

አሁን የቃሉን ጉዳይ ተመልከቱ። ቀኑ ሲገፋ ሁለት ዓይነት ሰው ይፈጠራል። አንዱ «ለጊዜው ተርፈናል» ብሎ ይተኛል። ሌላው «እስከዚያው ማሳዬን ላስመዝግብ» ይላል። የተሰጣቸው ቀን አንድ ነው፣ የመረጡት ቃል ግን ሌላና ሌላ ነው። ስማርትፎን ያላችሁ የገበሬ ልጆች እዚህ ላይ ትልቅ ሥራ መሥራት ትችላላችሁ፤ የማሳ ነጥብ መያዝ ምን እንደሚጠይቅ ማኅበራችሁን ወይም የወረዳችሁን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ ለቤተሰብ ማስረዳት እኮ ይቻላል።

■ ቃሏ ስትመጣባችሁ ሦስት ጥያቄ

ኢሜይል ላይም ይሁን ውል ላይ፣ ዜና ላይም ይሁን ከአለቃ አፍ፣ «ኢን ዘ ሚንታይም»፣ «ኢንተሪም»፣ «ጊዜያዊ»፣ «ለጊዜው» የሚል ሲመጣባችሁ እነዚህን ጠይቁ፦

1. እስከ መቼ? ቀን ወይም ክስተት ተጠቅሷል? «ቡናው እስኪለቀም»፣ «ምርጫ እስኪካሄድ»፣ «በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ»? ካልተጠቀሰ «እስከዚያው» ሳይሆን «ለጊዜው» ነው የተባላችሁት፤ ቀኑን በጽሑፍ አስጠቅሱ።

2. በመሃሉ ምን ይደረጋል፣ ምንስ አይደረግም? ሌላ ማመልከቻ አትላኩ? ቤቱን አትሽጡ? ደመወዙ የማን ነው?

3. የመሃሉን ወጪ የሚሸከመው ማነው? ይቺ ሦስተኛዋ ብዙ ጊዜ ትረሳለች። ውል ዘገየ፣ ክፍያ ዘገየ፣ ሕግ ተገፋ ሲባል አንድ ሰው እስከዚያው ከኪሱ እየበላ ነው። ማንኪራ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ያ ሰው ገበሬው ነው።

በአጭሩ፦ ጎን ለጎን ለሚሆን ነገር «በዚህ መሃል»፣ በዜና ቋንቋ «ይህ በእንዲህ እንዳለ»፣ መጨረሻው ለታወቀ ጥበቃ «እስከዚያው»፣ መጨረሻው ላልታወቀ «ለጊዜው»፣ ለሹመትና ለተቋም «ጊዜያዊ» በሉ። የስኮላርሺፕ ወይም የሥራ መልስ እየጠበቀ ያለ ጓደኛ ካላችሁ አጋሩት። እስከዚያው እኛ የሚቀጥለውን ቃል እናዘጋጃለን።